ለትምህርት ቤት ሲባል ቤተ ክርስቲያን መሳም

ቅጹ ብዙ ጊዜ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ከላይ የልጁ ስምና የትውልድ ቀን፣ ቀጥሎ የወላጅ አድራሻ፣ ከዚያ ቤተሰቡ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ስም። ዋናው ጥያቄ መሐል ላይ ነው፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት ምን ያህል ጊዜ አስቀድሰዋል? መልሱ በሣጥን ነው፤ በየሳምንቱ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በወር አንዴ፣ አልፎ አልፎ። ከታች ለቄሱ የተተወ ቦታ አለ፤ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። በእግዚአብሔር ታምናለህ ወይ የሚል መስመር የለበትም። ቢኖርስ መልሱን ማን ያጣራል?

እንግሊዝ አገር በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን የቤተ ክርስቲያን ወይም የሌላ እምነት የሆነ ትምህርት ቤት ልጁን ማስገባት የሚፈልግ ወላጅ ለአካባቢው አስተዳደር (ካውንስል) ከሚያስገባው ማመልከቻ ሌላ እንዲህ ያለ ቅጽ ሞልቶ ለትምህርት ቤቱ ይሰጣል። አጠያየቁና የሚቆጠረው ጊዜ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። የማመልከቻው ቀነ ገደብ ለሁለተኛ ደረጃ ኦክቶበር 31፣ ለአንደኛ ደረጃ ጃንዋሪ 15 ነው። ለዚያ ቀን ሲሉ ዓመትና ሁለት ዓመት ቀደም ብለው እሑድ እሑድ ማስቀደስ የጀመሩ፣ ቤታቸው ግን የጸሎት መጽሐፍ የማይገኝ ቤተሰቦች አሉ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ይቀልዱበታል፤ «ጉልበትህን እጠፍ፣ ከክፍያው ትረፍ» ይባባላሉ። ክፍያ የተባለው የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ለንደን ውስጥ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ ፓውንድ ማለፉ የተለመደ ሲሆን ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጭኖበታል። ቢቢሲ በ2010 ማሳየት የጀመረው «ሬቭ» የተሰኘው የአንድ የለንደን ቄስ ኮሜዲ የመጀመሪያ ክፍሉን የከፈተው በዚሁ ጉዳይ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀልዱ ወላጁ ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ግን ወላጁን ለጊዜው ትተን ቅጹን ብንመረምር ይሻላል እላለሁ። ለመሆኑ ቅጹ የሚለካው ምንድን ነው?

ሃይማኖት የሌለው ቤተሰብ ከእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ደጅ የሚደርሰው ወድዶ ብቻ አይደለም። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ 37.2 በመቶው ሕዝብ ሃይማኖት የለኝም ብሏል። ክርስቲያን ነኝ ያለው 46.2 በመቶ ሲሆን ቁጥሩ ከግማሽ በታች ሲወርድ የመጀመሪያው ነው። በሌላ በኩል በመንግሥት ገንዘብ ከሚተዳደሩት የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ሲሶ ያህሉ የእምነት ትምህርት ቤቶች ናቸው። አብዛኞቹ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ቀጥሎ የካቶሊክ ይመጣሉ፤ የአይሁድ፣ የሙስሊም፣ የሲክና የሂንዱ ጥቂት ናቸው። ገጠር ከሆነ የመንደሩ ብቸኛ ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። ከተማ ከሆነ ደግሞ በእግር የሚደረሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራለት እሱ ይሆናል።

እንዴት እንዲህ ሆነ ለሚል፣ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ቀድማ በመጀመሯ ነው። የድሃ ልጆችን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለማስተማር የተነሣው ናሽናል ሶሳይቲ የተመሠረተው በ1811 ነው። መንግሥት የራሱን ትምህርት ቤት የሚያስከፍት ሕግ ያወጣው ወደ ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1870 ነው። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ በ1944፣ የትምህርት ሚኒስትሩ በትለር አዲሱን የትምህርት ሕግ ሲያወጡ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ ማደሻ ገንዘብ የሌላቸው ነበሩ። መንግሥት ሊወርሳቸው አቅሙም ድፍረቱም ስላልነበረው ተደራደረ። የሕንፃ ወጪውን በከፊል እንሸፍናለን ያሉት «ኤይድድ» ተብለው የአስተዳደር ቦርዱን አብላጫ መቀመጫና ተማሪ የመምረጥ ሥልጣኑን ይዘው ቀሩ። አንችልም ያሉት «ኮንትሮልድ» ተብለው ቅበላውን ለካውንስሉ አስረከቡ። ያን ጊዜ የኤይድዶቹ ድርሻ የሕንፃ ወጪው ግማሽ ነበር፤ ዛሬ ወደ 10 በመቶ ወርዷል። የመምህራኑን ደሞዝ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው፤ ከነዚያ 37 በመቶ ሃይማኖት የለሾች ጋር።

ይህ ልዩነት የታሪክ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። በሩ ላይ የቅዱስ ስም ስላዩ ብቻ «ይሄ ለእኛ አይሆንም» ብለው የሚያልፉ ወላጆች አውቃለሁ። ኮንትሮልድ ከሆነ ግን ቅበላውን የሚወስነው ካውንስሉ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውም የቤቱ ርቀትና እኅት ወይም ወንድም እዚያው መማሩ ነው። ኤይድድ ከሆኑትም ውስጥ በተለይ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ሃይማኖት ጭራሽ የማይጠይቁ ሞልተዋል። የካቶሊኮቹ ጠበቅ ይላሉ። ከካውንስል ቁጥጥር ወጥተው ወደ አካዳሚነት የተለወጡት ደግሞ መስፈርታቸውን ራሳቸው ስለሚያወጡ በስማቸው ምንም ማወቅ አይቻልም፤ ወረቀታቸውን ማንበብ ነው።

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጠው። የ2010 የእኩልነት ሕግ በሃይማኖት ምክንያት ማበላለጥን ይከለክላል፤ ለእምነት ትምህርት ቤቶች ግን ቅበላ ላይ ቀዳዳ ትቶላቸዋል። ቀዳዳዋ የምትሠራው አመልካቹ ከቦታው ሲበልጥ ብቻ ነው። ቦታ እያለው «እናንተ አማኝ አይደላችሁም» ብሎ ልጅ የሚመልስ ትምህርት ቤት ሕግ ይጥሳል። የቅበላ ደንቡም የራሱ አጥር አለው፦ ወላጅን ቃለ መጠይቅ ማድረግ ክልክል ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ የተሰጠ ገንዘብ መቁጠር ክልክል ነው፤ የወላጅን ሥራና ገቢ ማየት ክልክል ነው። ከ2010 ወዲህ የተከፈቱ፣ «ፍሪ ስኩል» የሚባሉ ከካውንስል ነጻ የሆኑ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በሃይማኖት መምረጥ የሚችሉት ግማሹን ቦታ ብቻ ነው ተባለ፤ በዚህ የተነሣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዚያ መንገድ አልከፍትም ብላ ቆየች።

ታዲያ ዘር አይታይም፣ ገንዘብ አይታይም፣ ወላጅ አይጠየቅም ከተባለ ምን ቀረ? መገኘት ቀረ። ይህ ነገር ቁልጭ ብሎ የወጣው በጄኤፍኤስ ክርክር ነው።

ጄኤፍኤስ በ1732 የተመሠረተ የለንደን የአይሁድ ትምህርት ቤት ነው። አመልካቹ ከቦታው ስለሚበልጥ፣ የኦርቶዶክስ አይሁዳውያን ዋና ረቢ ቢሮ አይሁዳዊ ናቸው ብሎ ለሚቀበላቸው ልጆች ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። መለኪያው እናት ናት፤ እናቱ አይሁዳዊት የሆነች፣ ወይም ቢሮው በሚያውቀው ሥርዓት ወደ ይሁዲነት የገባች። ኤም ተብሎ በፊደል የተጠራው ልጅ አባቱ በትውልድ አይሁዳዊ ነው፤ እናቱ ግን ቀድሞ ካቶሊክ የነበረች ጣሊያናዊት ስትሆን ይሁዲነትን የተቀበለችው ኦርቶዶክስ ባልሆነ ምኩራብ ነው። ቤተሰቡ ሃይማኖቱን ይጠብቃል፤ ልጁ ግን ተመለሰ። በአንጻሩ እናቷ አይሁዳዊት የሆነች፣ ራሷ ግን ለሰንበት እንኳ ምኩራብ ረግጣ የማታውቅ፣ በፈጣሪም የማታምን ልጅ ትገባ ነበር። አባትየው ከሰሰ። በዲሴምበር 2009 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ይህ መለኪያ ዘርን የሚያይ ነው፣ አይቻልም አለ።

ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያስከተለውን ግን ተመልከቱ። በትውልድ መለካት የተከለከሉት የአይሁድ ትምህርት ቤቶች ወደ ተግባር መለኪያ ዞሩ፤ ምኩራብ ስንት ጊዜ ተገኘህ፣ የሃይማኖት ትምህርት ተከታተልክ ወይ፣ ማኅበረሰቡን አገለገልክ ወይ። ለብዙ መቶ ዓመት ማመንና አለማመኑ ሳይጠየቅ አይሁዳዊ ሆኖ የኖረ ቤተሰብ፣ ለልጁ ትምህርት ሲል ነጥብ ለመሰብሰብ ቅዳሜ ጠዋት ምኩራብ መሰለፍ ጀመረ። ማበላለጥን ለማጥፋት የተሰጠ ፍርድ ከእምነት የራቀውን አይሁዳዊ አማኝ መስሎ እንዲታይ አስገደደው።

በካቶሊኮች በኩል ስሙ የገነነው የለንደን ኦራቶሪ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ልጆቻቸውን ያስተማሩበት ነው፤ ያን ጊዜ እሳቸው አንግሊካን፣ ባለቤታቸው ካቶሊክ ነበሩ። በ2013 ደግሞ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኒክ ክሌግ፣ በአምላክ አላምንም ብለው በይፋ የተናገሩት ሰው፣ ልጃቸው እዚያው እንደሚገባ ሲታወቅ ጋዜጦቹ ተረባረቡባቸው። ባለቤታቸው ካቶሊክ ናቸው፤ ልጆቹም በዚያው ሥርዓት ያደጉ ናቸውና ሰውየው ቅጹን አላጭበረበሩም። ትምህርት ቤቱ ራሱ ግን በዚያው ሰሞን ተከሶ ነበር። ወላጆች ለቤተ ክርስቲያን ለሚሰጡት አገልግሎት፣ በመዘምራን ውስጥ ለመዘመር፣ አበባ ለመደርደርና ለመሰለው ሥራ ቅድሚያ ይሰጣል ተብሎ። የቅበላ አቤቱታ የሚያየው አካል በ2014 ወቀሰው፤ ትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2015 በከፊል ረታ። አበባ መደርደር የልጅን የሂሳብ ክፍል የሚወስንበት አገር መኖሩ ለእኛ ሊያስገርም ይችላል፤ ጊዜ የተረፈው ሰው ብቻ አበባ እንደሚደረድር ለማወቅ ግን እንግሊዝ መኖር አያስፈልግም።

ስንት ሰው ነው የሚያስመስለው? ሰተን ትረስት የተባለው የትምህርት ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ልጆቻቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት ካሉ ወላጆች 6 በመቶው ከዚያ በፊት ሳይሄዱ የቆዩበትን ቤተ ክርስቲያን ለትምህርት ቤት ሲሉ መሄድ መጀመራቸውን አምነዋል። በከፍተኛው የሥራና የኑሮ ደረጃ ላይ ካሉት መካከል ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ይላል። በገዛ አፍ የሚነገር ቁጥር ስለሆነ እውነተኛው ሳይበልጥ አይቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከ6 ወደ 10 ያለው ልዩነት ነው። ከአንገት በላይ ጸሎትም ቢሆን ትርፍ ጊዜ ይጠይቃል።

ቄሶቹ ምን ይላሉ? እዚህ ላይ አንድ ቃል የላቸውም። አንዳንዱ ደስ ይለዋል፤ አሮጊት ብቻ በቀረበት ደብር ሃያ ሕፃን ሲንጫጫ ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ለትምህርት ቤት ብሎ መጥቶ በዚያው የቀረም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ምላሹ ከወጣበት ቀን ማግስት መቀመጫው ባዶ ሲሆን ያዝናል። ምላሹ ለሁለተኛ ደረጃ በማርች 1፣ ለአንደኛ ደረጃ በኤፕሪል 16 ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እሑድ ቄስ ሁሉ ያውቀዋል። ፊርማ መስጠት ደግሞ የካህንን ሥራ ወደ ሰዓት ተቆጣጣሪነት ያወርደዋል። ደብሮች መዝገብ አኑረው ወላጅ ሲወጣ ያስፈርማሉ። ወረርሽኙ መጥቶ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ትምህርት ቤቶች መስፈርታቸው ላይ «ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ለነበረበት ጊዜ መገኘት አይቆጠርም» የሚል አንቀጽ ለመጨመር ተገደዋል። ሰው በሚሞትበት ሰሞን እንኳ ይህ ሒሳብ መስተካከል ነበረበት። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት የኦክስፎርዱ ጳጳስ ጆን ፕሪቻርድ በ2011 ለምእመናን ልጆች የሚያዘው ቦታ ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይሻላል ብለው ነበር። ከገዛ ወገናቸው ብዙ ቁጣ ወረደባቸው።

ይህ ሁሉ ደጅ ጥናት ለምን ነው? «የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ጎበዝ ነው» ስለሚባል ነው። እውነት ነው፣ ውጤታቸው በአማካይ ከፍ ይላል። ነገር ግን የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ስቲቨን ጊበንስና ኦልሞ ሲልቫ የአንደኛ ደረጃዎቹን መርምረው ብልጫው በአብዛኛው ከሚመጡት ልጆችና ቤተሰቦች እንጂ ከትምህርት ቤቱ እንዳልሆነ አሳይተዋል። የትምህርት ፖሊሲ ኢንስቲትዩት በ2016 ያወጣው ጥናትም የተማሪዎቹ የኋላ ታሪክ ሲስተካከል አንደኛ ደረጃ ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በየትምህርቱ የአንድ ውጤት እርከን ሰባተኛ ያህል ብቻ መሆኑን አገኘ። ነጻ ምሳ የሚያገኙ የድሃ ልጆች በነዚህ ትምህርት ቤቶች ያነሱ መሆናቸውንም ያው ጥናት ያሳያል። የወላጆቹ ፍላጎት ግን ውጤት ብቻ አይደለም፤ ሥነ ሥርዓት፣ ዩኒፎርም፣ ልጅን በስሙ የሚያውቅ ርዕሰ መምህር ይላሉ። ያ በጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም፤ የለም ማለትም አይቻልም።

እስካሁን ያልኩትን ይዤ ወደ እኛ ሰዎች ልምጣ፤ ለንደን ያለው አበሻ የዚህ ቅጽ ደንበኛ ነውና።

አንድ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች መስፈርት ተራ በተራ የተቀመጠ ምድብ ነው፦ በማደጎ ወይም በካውንስል እጅ ያሉ ካቶሊክ ልጆች፣ የሚያስቀድሱ ካቶሊኮች፣ ሌሎች ካቶሊኮች፣ እያለ ይወርዳል። በብዙዎቹ ላይ የምሥራቅ ክርስቲያን አብያተ ክርስቲያናት አባላት ከሌሎች የክርስትና ክፍሎች በፊት የራሳቸው ተራ አላቸው፤ ኦርቶዶክሶች እዚያ ይመደባሉ። ማስረጃው የቤተ ክርስቲያኑ የጥምቀት የምስክር ወረቀት ነው። እንግዲህ በአርባ ቀኑ ወይም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሣ ልጅ ሲያመለክት፣ ወላጆቹ ከዚያ ወዲህ ታቦት ወጥቶ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን ባይደርሱም፣ አገር ቤት ያለችው አያት «ልጄን ሳላስጠምቅ አልሞትም» ብላ ስላስቸገረች ብቻ የወጣች ወረቀት ከመሳቢያ ተስባ ትወጣለች። ማስመሰል የለበትም፤ የተጠየቀው ወረቀት ነው፣ የቀረበውም ወረቀት ነው። ጴንጤ ጎረቤቱ በየሳምንቱ ሦስት ቀን የምታመልክ ሆና ከሱ በታች ትሰለፋለች። ሙስሊሙ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ከዚያም በታች ባለው ምድብ ሆኖ፣ ቦታ ሲተርፍ ይገባል፤ እናትየው «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለበት ቦታ ይሻለኛል» ብላ ትመርጠዋለች። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ውስጥ ሻሽ ያሰሩ ልጆች የሚታዩት ለዚህ ነው።

በመገኘት የሚለካው ቅጽ ላይ ስንደርስ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። እንበልና አንዲት እናት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የእሑድ ፈረቃ ክፍያ ከሌላው ቀን ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ ወይም አለቃዋ ስለመደባት፣ ከሁለት እሑድ አንዱ ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ከተማውን በሁለት አውቶቡስ አቋርጣ የምትደርስበት ነው፤ ጉባኤው የራሱ ሕንፃ ስለሌለው ከሌሎች ተከራይቶ በተሰጠው ሰዓት ይገለገላል። ስትደርስ ቅዳሴው ገብቷል። እንደ አገሯ ልማድ ንጽሕና ካልጠበቀች ከቅጥሩ አታልፍም፤ ውጭ ቆማ አስቀድሳ፣ ደጁን ተሳልማ ትመለሳለች። ጦሟን አታፈርስም፣ ውዳሴ ማርያም ሳትደግም አትወጣም። ካህኑ ያን ሁሉ ሰው በመልክ ሊያውቅ አይችልም፤ መዝገብም የለም፤ በኛ ቤት ማን ስንት ጊዜ መጣ ብሎ የሚቆጥር የለምና። ቅጹ ሲመጣ የትኛው ሣጥን ላይ ምልክት ታድርግ? በአምላክ የማያምን አንድ ጠበቃ ግን እሑዱ ነጻ ነው፣ ደብሩ ከቤቱ በታች ነው፣ ቀነ ገደቡን ልጁ ሳይወለድ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በየሳምንቱ የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፣ እውነቱንም ነው።

እንግዲህ ቅጹ የሚለካው ይህንን ነው፤ አስቀድሞ ማወቅን፣ የእሑድን ነጻ መሆን፣ ወረቀት መያዝን። አማኞችን ከማያምኑ ይለያል የሚባለው ወንፊት የሚያሳልፈውም የሚያስቀረውም ሌላ ነው። ማስመሰሉን የሚወቅሱ ሰዎች ትክክለኛ ቦታ ላይ አልቆሙም ባይ ነኝ። ልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት እንዲገባ በተደነገገው መንገድ የሄደን ወላጅ ከመርገም፣ ጸሎትን የመግቢያ ቲኬት ያደረገውን ደንብ መጠየቅ ይቀድማል። ይህን ስል የሚከፋቸው አማኞች እንዳሉ አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱን አያቶቻችን በመዋጮ ሠሩት፣ ልጆቻችን ቢቀድሙ ምን ነውር አለው ይላሉ። ሙግታቸው ባዶ አይደለም፤ ግን የዛሬውን ደሞዝ አያቶቻቸው አይከፍሉም።

ከገቡ በኋላስ? ካቶሊክ ትምህርት ቤት ከሳምንቱ የትምህርት ሰዓት 10 በመቶው ለሃይማኖት ትምህርት ነው፤ የሚፈትሸውም የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኗ የምትልከው ሰው ነው። ከእምነት ትምህርት ቤት የሸሸም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያመልጥም፤ በእንግሊዝ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ በየቀኑ የጋራ ጸሎት ሊኖረው ይገባል፣ በአመዛኙም የክርስትና መልክ ያለው ይሁን ይላል፣ ምንም እንኳ ብዙዎቹ ከቁብ ባይቆጥሩት። ወላጅ ልጁን ከሃይማኖት ትምህርትና ከጸሎት የማስወጣት መብት በሕግ አለው። የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ልጅ አዳራሽ ገብቶ ሲዘምር የሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን ቤተ መጻሕፍት ቁጭ በል ሲባል መብት ሳይሆን ቅጣት ይመስለዋል። ስለዚህ ሃይማኖት የሌላቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ ዝም ብለው ያሳልፉታል። ከዚያ አንድ ማታ ልጁ ራት ላይ «እኛ ለምንድነው የማንጸልየው?» ይላል። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ያልተዘጋጀ ወላጅ ቅጹን ባይሞላ ይሻለዋል፤ መልሱ «ለትምህርት ቤቱ ስንል ነው» ከሆነ ልጁ ከሃይማኖት ትምህርቱ ያልተማረውን ሌላ ነገር ይማራል።

ሌሎች አገሮችን ብናይ፣ አየርላንድ ውስጥ ነገሩ ይህን ያህል እንኳ የምርጫ ጉዳይ አልነበረም። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ወደ 90 በመቶው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ናቸው፤ ካልተጠመቅህ ሌላ ቦታ ፈልግ ቢባል ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ በማያምኑ ወላጆች ዘንድ ለትምህርት ቤት ብሎ ማስጠመቅ የተለመደ ነገር ሆኖ ኖረ። በ2018 የወጣው ሕግ ይህንን የጥምቀት አጥር ለካቶሊክ አንደኛ ደረጃዎች አነሣ፤ ቁጥራቸው አናሳ ለሆኑ እምነቶች ግን ተወላቸው። አጥሩ ከበሩ ላይ ቢነሣም ክፍል ውስጥ አለ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁት በትምህርት ሰዓት ነው፣ ያልተጠመቀው ልጅ ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ሥዕል ይቀባል። ፈረንሳዮች በ1959ኙ የድብሬ ሕግ ሌላ መንገድ መርጠዋል፦ ከመንግሥት ጋር ውል ገብቶ የመምህራኑን ደሞዝ የሚቀበል የካቶሊክ ትምህርት ቤት ጠባዩን ይጠብቅ፣ ግን ልጅን በእምነቱ አይመልስ። እኔ የቱን ትመርጣለህ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤሎች የደረሰባቸው የዚህ ሁሉ ግልባጭ ነው። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ የመጡት ልጆች ወላጆቻቸው ሳይጠየቁ ወደ መንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ተመሩ። ኦሪትን ይዘው፣ በቄሶቻቸው ተመርተው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ሃይማኖት አልጎደላቸውም። ግን ረቢዎቹ ይሁዲነታችሁ ይረጋገጥ፣ ሥርዓተ መንጻት ፈጽሙ ስላሏቸው በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ተቃውመዋል፤ ልጆቻቸው ደግሞ በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ የአባቶቻቸው በዓል አከባበር ስሕተት እንደሆነ እየተማሩ ይመለሱ ነበር። ዓመታት አልፈው በ2009 ፔታ ቲክቫ ላይ በመንግሥት የሚደጎሙ የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም ብለው አገሪቱን አነጋግረዋል። መጀመሪያ ያለ ፈቃዳቸው ገቡ፣ በኋላ ሲያመለክቱ ተመለሱ።

አገር ቤት ይህ ጥያቄ በሌላ መልኩ ነው የምናውቀው። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊክ 0.7 በመቶ ነው። የአዲስ አበባዎቹ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ናዝሬት፣ ቅዱስ ዮሴፍ፣ ልደታ ካቴድራል ግን በኦርቶዶክስና በሙስሊም ልጆች የተሞሉ ናቸው። ካቶሊክ ሆኖ ለመታየት የሚጥር ወላጅ አልሰማሁም፤ ለምዝገባ ከሌሊት ጀምሮ የሚሰለፈውን ግን አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ሚሽን ትምህርት ቤት የተማረ ኦርቶዶክስ የመነኮሳቱን ሥርዓት እያደነቀ ሃይማኖቱን ሳይለውጥ ይወጣል። ያ ሁሉ ሰላም የኖረው ግን ጥቂት ካቶሊኮች ስላሉና ወላጁ ከኪሱ ስለሚከፍል መሆኑን መርሳት የለብንም።

ለንደን ላይ ነገሩ በራሱ ጊዜ እየተለወጠ ነው። የሚወለደው ልጅ ቀንሷል፣ ወጣት ቤተሰብ በኪራይ ምክንያት ከመሐል ከተማ እየወጣ ነው። በ1685 የተመሠረተው የአርችቢሾፕ ቴኒሰን ትምህርት ቤት በ2023 ተዘጋ፤ በ1699 የተመሠረተው የሴንት ማርቲን ኢን ዘ ፊልድስ የሴቶች ትምህርት ቤት በ2024 ተከተለው። ሁለቱም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ትላንት የሁለት ዓመት ፊርማ ይጠይቁ የነበሩ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ዛሬ ባዶ ወንበር ስላላቸው ማንም ሲያመለክት ይቀበላሉ፤ ሕጉ ስለሚያስገድዳቸውም፣ መንግሥት በተማሪ ራስ ስለሚከፍላቸውም። ፉክክሩ የቀረው ስማቸው በገነነ ጥቂቶች ላይ ነው።

ስለዚህ ልጁን ለማስመዝገብ የተነሣ፣ የሚያምንም የማያምንም ወላጅ፣ ቄስ ዘንድ ከመሄዱ በፊት የካውንስሉን የቅበላ መጽሔት ይክፈት። በየትምህርት ቤቱ ስም ሥር ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ እንዳመለከተ፣ ከየምድቡ ስንቱ እንደገባና የመጨረሻው ልጅ በየትኛው ምድብና ከምን ያህል ርቀት እንደገባ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ አለ። የመጨረሻው ልጅ የገባው «ሌሎች ልጆች» ከሚለው ምድብ ከሆነ ቅጹ ላይ ምንም ፊርማ አያስፈልገውም። ከምእመናን ምድብ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪው ቅጽ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ የሚላክ እንጂ ከካውንስሉ ማመልከቻ ጋር የሚሄድ አለመሆኑን ልብ ይበል፤ ከኛ ሰዎች ቦታ የሚያመልጣቸው ብዙዎች በእምነት ጉድለት ሳይሆን በዚህች ነው።